ሦስት ወረቀት በአንድ ምት

ያን ጊዜ ፒያሳ ውስጥ ሦስት የጽሕፈት መኪና ጠጋኞች ነበሩ፤ ሦስቱም አይነጋገሩም። መንገድ ላይ ከተገናኙ አንዱ ወደ ማዶ ይሻገራል፣ አንዱ ወደ ኬክ ቤት ይገባል፣ መሄጃ ያጣው ሦስተኛው ደግሞ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታና እንደገና ያስራል። ክር የሌለው ጫማ ያደረገ ቀን እንኳ ጎንበስ ሲል አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ጥላቻ ጉልበት ይፈልጋል። እነሱ ለሥራው ያልነበራቸው ጉልበት ለጥላቻው ነበራቸው።

ስማቸውን አልጽፍም። ሰፈሩም ቢሆን የሚያውቃቸው በሱቃቸው ነበር። አንዱ ከሲኒማ ቤቱ ጎን ስለሚሠራ ባለ ሲኒማው ይባላል፤ ሁለተኛው ከወርቅ ቤቶቹ መደዳ ስለሆነ ባለ ወርቅ ቤቱ፤ ሦስተኛው ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ስለተወሸቀ ባለ ደረጃው። ሙያውን የተማሩት ሦስቱም ከአንድ አርመን ጌታ ነው። ሰውዬው አብዮቱ ሲመጣ ሱቁን ዘግቶ ከአገር ሲወጣ የመሣሪያ ሣጥኑን ትቶላቸው ሄደ፤ እነሱም እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፈሉት። ካቻቢቴና ፒንሳው ለባለ ሲኒማው ደረሰ፣ ሞላና ትርፍ ፊደሉ ለባለ ወርቅ ቤቱ፣ ወረቀቱ የሚጠቀለልበትን ጎማ ማደሻው ለባለ ደረጃው። ከዚያ ወዲያ አንዳቸውም ብቻቸውን አንድ ታይፕ ጠግነው መጨረስ አይችሉም ነበር። ስለማይነጋገሩም ደንበኛው ራሱ መኪናውን በተሸካሚ እያስያዘ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። በየደረሰበትም «ማነው እንዲህ አድርጎ ያበላሸብህ?» ይሉታል። መልሱን እያወቁት።

እኔ ከእነዚያ ዟሪ ደንበኞች አንዷ ነበርኩ። ሥላሴ አጠገብ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስሠራ፣ ቀኑን ሙሉ የምተይበው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነበር። ስብሰባው ራሱ ምን እንደወሰነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቃለ ጉባኤው ግን በአምስት ኮፒ ይፈለጋል። መኪናዬ በተበላሸ ቁጥር ሦስት ሳምንት ይጠፋል። አንድ ቀን ሲመረኝ ክዳኑን ራሴ ከፈትኩት፤ ከውስጡ ያገኘሁት አቧራ፣ የማስቲካ ወረቀትና አንድ የላላ ሞላ ነው። በጥፍር መሞረጃ አስተካከልኩት። ለዚህ ነበር ሦስት አዋቂ ወንዶች ሦስት ሳምንት የሚጓተቱት! ተናደድኩ፤ ከንዴቴም ሙያ ወጣልኝ። የቢሮውን መኪናዎች በሙሉ አንድ በአንድ እየፈታሁ ገጠምኳቸው፤ በዓመቱ መሥሪያ ቤቱን ለቅቄ ከቀበሌዬ የሥራ ፈቃድ አወጣሁ።

ሱቄ ማለት ቤታችን ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ለእኔና ለእናቴ የቀረን በአራዳ ቁልቁለት ላይ፣ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ሰፊ የቀበሌ ክፍል ነው። መሐሉን በመጋረጃ ከፈልነው። ከፊት የእኔ ጠረጴዛ ሆነ፣ ከኋላ የእናቴ አልጋ። እናቴ ፊደሎቹን በቤንዚንና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታጸዳልኝ ነበር፤ ማንበብ ባትችልም «ይቺ ሆዷ ተደፍኗል» እያለች የቆሸሸውን ፊደል ከእኔ ቀድማ ታገኘዋለች። ጠዋት የገባ መኪና ከሰዓት ይወጣል። ዓመት ሳይሞላ ከሚኒስቴሩም ከትምህርት ቤቱም ሰው ወደ እኔ ይጎርፍ ጀመር።

ሦስቱ ዝም አሉ። እኔም ዝምታቸውን እንደ ሽንፈት ቆጠርኩት፤ ፋራ ነበርኩ።

በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ክስ ቀረበብኝ። የመጀመሪያው የባለ ሲኒማው ነው፤ ከሳምንት በኋላ የባለ ወርቅ ቤቱ ተከተለ፤ ሌላ ሳምንት ቆይቶ የባለ ደረጃው። በሦስተኛው ጊዜ መጥሪያውን ያመጣው አብዮት ጥበቃ ራሱ ተሰላችቶ «እቴ፣ ካንቺ ጋር ያልተጣላ ማን ቀረ?» አለኝ። ክሱን ለማንበብ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ፋይሉን ከፍቶ ሦስቱን ወረቀቶች ፊቴ ዘረጋልኝ።

አንዱን ማንበብ ሦስቱን ማንበብ ነበር። የሙያ ማስረጃ ሳይኖረኝ የሕዝብ ንብረት የሆኑ የጽሕፈት መኪናዎችን በአሻጥር አበላሻለሁ ይላል። አንድ የከሳሽ ደንበኛ መኪናውን ስላበላሸሁበት እንባውን እያፈሰሰ ወደ ከሳሽ ሱቅ መጥቷል። ስለዚህ ክፍሉ ከእኔ ተወስዶ ለባለሙያ ይሰጥ። ሦስት ከሳሽ፣ ሦስት የሚያለቅስ ደንበኛ! ለአንድ ታይፕ የሚያለቅስ ወንድ በዘመኔ አላየሁም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የሚለቀስለት ነገር ሞልቶ ነበር።

ቃሉ መመሳሰሉ ብዙም አልደነቀኝም። ዓይኔን የያዘው ቀለሙ ነው። የባለ ሲኒማው ወረቀት ጥቁርና ጥርት ያለ፣ በሪባን የተመታ ነው። የባለ ወርቅ ቤቱ ሰማያዊ ነው። የባለ ደረጃውም ሰማያዊ፣ ግን የደበዘዘ፣ ፊደሉ ዳር ዳሩ ያበጠ። ስምና ቀን ብቻ በሦስቱም ላይ በእስክሪብቶ ተሞልቷል። አምስት ዓመት በአምስት ኮፒ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዋናውን ከካርቦኑ፣ አንደኛውን ካርቦን ከሁለተኛው በጨለማም እለየዋለሁ። እነዚህ ሦስት የማይነጋገሩ ሰዎች፣ በሦስት የተለያየ ሳምንት ያመጧቸው ክሶች አንድ ላይ ተደራርበው፣ በመሐላቸው ካርቦን ገብቶ፣ በአንድ ምት የተጻፉ ነበሩ። በቀኝ ራስጌያቸው ላይ ስፒል የወጋበት ቀዳዳ እንኳ በሦስቱም ላይ አንድ ቦታ ነው።

ሳቄ መጣ። ጸሐፊው ግን ሳቄን አልወደደውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ አንድም ምስክር አልቆጠሩም። የፍርድ ሸንጎው ሰብሳቢ ዳኛ እሑድ ሊዘጋው ነው ያሰበው። ቀርበሽ ‹አላደረግሁም› በይና ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለኝ።

ለእናቴ ስነግራት እሷም እንደዚያው አለች።

«ሊዘጋው ካሰበ ምን ቀረሽ? ዝም በይ ልጄ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«እማዬ፣ ማስረጃው እኮ እጄ ላይ ነው! ሦስቱ ተማክረው እንደከሰሱኝ በሰው ሁሉ ፊት አሳያቸዋለሁ።»

«አሳይተሽስ?»

«ይዋረዳሉ።»

«እነሱ ሲዋረዱ ለኛ ምን ይጨመርልናል? አልጋዬ አልጋዬ ነው፣ ጠረጴዛሽም ጠረጴዛሽ።»

አልሰማኋትም። መዳን አነሰኝ፤ ሲዋረዱ ማየት አማረኝ። ይህን ዛሬ የምጽፈው በእነዚያ ሦስት ሰዎች ላይ የምስቀውን ያህል በራሴም ላይ መሳቅ ስላለብኝ ነው።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ሰብሳቢው ዳኛ በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ችሎት ላይም ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም። ሦስቱ ከሳሾች አዳራሹ ውስጥ በሦስት ማዕዘን፣ ጀርባ ለጀርባ ሊባል በሚችል አኳኋን ተቀምጠዋል። ከዳኞቹ ጎን ደግሞ የቀበሌው አደራጅ ነበር። ይህ ሰው የሰፈሩን ባለ እጆች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያደራጅ ከላይ ከታዘዘ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ያደራጀው ግን ራሱን ብቻ ነበር። በየስብሰባው «የጫማ ሰፊዎቹ ማኅበርስ?» ሲባል ላብ ያጠምቀዋል።

ሰብሳቢው ክሶቹን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ምስክር አላችሁ?» አሉ። ሦስቱም አቀረቀሩ። «እንግዲህ ያለ ምስክር…» ብለው እስክሪብቶ ሲያነሡ እኔ እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ አንድ ነገር ልበል?»

«ምን ቀረሽ ልጄ? ልዘጋው እኮ ነው» አሉኝ። እናቴ ከኋላ ነጠላዬን ጎተተችው።

«ሦስቱን ወረቀቶች ይደራርቧቸውና ወደ መስኮቱ ያንሷቸው» አልኩ።

ልብስ ሰፊ ናቸውና ማስረዳት አላስፈለገኝም። ወረቀቶቹን ጫፍ ለጫፍ ገጥመው፣ በስፒሉ ቀዳዳ ስፒል አስገብተው፣ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ብርሃኑ ላይ ሲያነሷቸው ከሦስቱ ወረቀቶች አንድ ጽሑፍ ብቻ ታየ። ፊደል በፊደል ላይ፣ አራት ነጥብ በአራት ነጥብ ላይ ቁጭ ብሏል። ሰብሳቢው ቀስ ብለው ሳቁ።

«ሦስት ሱሪ በአንድ መቀስ! እኔም ቸኩዬ ሳለሁ እንዲህ ነው የምቆርጠው» አሉ። ከዚያ ወደ ሦስቱ ዞሩ። «እናንተ እኮ አትነጋገሩም ይባል ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለ ሲኒማው ኮቱን ቆለፈ፣ ባለ ወርቅ ቤቱ ጣሪያውን አየ፣ ባለ ደረጃው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ቆሜ፣ እጄን አጣምሬ፣ ስለ ዋናው ኮፒና ስለ ካርቦኑ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ምቱ ለሕዝቡ ትምህርት ሰጠሁ። «እነዚህ ሰዎች በልባቸው አንድ ናቸው። ጥላቸው ማስመሰያ ነው። አብረው መሥራት በሚገባ ይችላሉ!» ብዬ ደመደምኩ።

አደራጁ ከመቀመጫው ብድግ ያለው ይህን ጊዜ ነው።

«ጓዶች!» አለ፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ አብርቷል። «ጓዲት ያረጋገጠችልን ምንድነው? እነዚህ ባለ እጆች ተመካክረው፣ አንድ መኪና በጋራ ተጠቅመው፣ አንድ ሥራ በአንድነት ሊሠሩ እንደሚችሉ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ስህተታቸው ኅብረቱን ለተንኮል ማዋላቸው ነው። ኅብረቱ ራሱ ግን የሚበረታታ ነው!»

ዳኞቹ ተንሾካሾኩ። ሰብሳቢው ወደ እኔ እያዩ አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ምነው ዝም ብትይ» የሚል አነቃነቅ ነበር። ከዚያ ውሳኔውን አነበቡ። ክሱ ውድቅ ነው። ከሳሾቹና ተከሳሿ ግን የሰፈሩ የጽሕፈት መኪና ጠጋኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ሆነው ይደራጃሉ። የሦስቱ ከሳሾች ሱቆች ለቀበሌው ይመለሳሉ። ማኅበሩ የሚሠራበት ቦታ ከአራቱ ክፍሎች ሰፊው ይሆናል።

ሰፊው የእኔ ነበር። ሰፊ ያደረገው የእናቴ መኝታ ነው።

መጋረጃውን ማክሰኞ አወረድነው። እናቴ አልጋዋን በተሸካሚ አስይዛ እሪ በከንቱ ሰፈር እህቷ ዘንድ ገባች፤ እኔ በጠረጴዛዬ ሥር ፍራሽ አንጥፌ ቀረሁ። ስትወጣ አልወቀሰችኝም፤ የጥርስ ብሩሹን ከቤንዚኑ ጣሳ አውጥታ፣ አራግፋ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ጣሪያ ሥር አላደረችም።

ሦስቱ ደግሞ ጠረጴዛቸውን ተሸክመው ገቡ። አልጋው በነበረበት ቦታ ባለ ሲኒማው ተዘረጋ። የአርመኑ ሣጥን ከስንት ዓመት በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሟላ፤ ነገር ግን ካቻቢቴ ሲፈልጉ አሁንም በቀጥታ አይጠያየቁም፤ «ካቻቢቴውን አቀብለው በይልኝ» እያሉ በእኔ በኩል ነበር የሚልኩት።

ወረቀቱን ለምን በአንድ ምት እንደጻፉት ያወቅሁት ያኔ ነው። ባለ ደረጃው አንድ ቀን ሻይ እየጠጣ ነገረኝ።

«ረቂቁን ማን ይያዘው? እነሱ ይዘውት ቢሄዱ አለስልሰው ጽፈው እኔን ብቻዬን ነገር ውስጥ ይከቱኛል። እኔም ብይዘው እነሱ አያምኑኝም። ስለዚህ ሦስታችንም ባለንበት፣ ዓይናችን እያየ ይጻፍ አልን። በማን መኪና ሲባል ደግሞ ሌላ ጠብ! በመጨረሻ አንድ ደንበኛ ለጥገና ባስቀመጠው መኪና ጻፍነው።»

«ዋናውንስ ማን ይውሰድ አላችሁ?»

«እሱ ላይ ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን» አለ በቁጭት። «በዕድሜ ይሁን ተባለ። ለኔ የደበዘዘው ደረሰኝ። በወር ብቻ ነው እኮ የሚበልጡኝ!»

ታይፕ ሲጠግኑ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ካርቦን ከዋናው እንደሚለይ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ግን ያለመተማመናቸው ከሙያቸው በልጦ ወረቀቱ ላይ ታተመ። «ፋራ ሁሉ!» አልኩ በሆዴ። አያያዙን ያላወቁበት ተንኮል ከንፉግ ግብዣ ይብሳል ብዬ ናቅኋቸው። ይህን ሳስብ እኔ ብሆን እንዴት እንደምሠራው እያሰብኩ እንደነበር አላስተዋልኩም።

ሁለት ዓመት እንደዚህ ሄደ። ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ አንድ ሰው ሱቅ ከፈተ። አንድ እግሩን በጦር ግንባር የተጎዳ፣ ታይፕ መጠገን በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የተማረ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጠዋት የተቀበለውን ከሰዓት ይመልሳል። እኛ ጋ ግን መኪና ሲገባ አራት ጠረጴዛ ይዞራል፣ ማኅበሩ ስብሰባ ይቀመጥበታል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝበታል። ቃለ ጉባኤውን የምተይበው እኔ ነበርኩ፤ በአምስት ኮፒ። የሸሸሁት ነገር ቤቴ ድረስ መጥቶ አገኘኝ። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ወደ መታጠፊያው ሄዱ።

አደራጁ መጥቶ፣ ማኅበሩ ሥራ ካጣ ክፍሉን ለሌላ ማኅበር እንደሚሰጠው ነገረን። ያን ዕለት ባለ ሲኒማው ከዚያ ክስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለ ወርቅ ቤቱ በቀጥታ ተናገረ።

«ማስረጃ እንኳ የለውም፤ ሰውዬው» አለው።

«የሠራዊት ሙያ ምን ሙያ ነው?» አለ ባለ ወርቅ ቤቱ።

ባለ ደረጃው ካርቦን ለማውጣት መሳቢያውን ሳበ። ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ክፍሉ ሲወሰድብኝ ታየኝ። የእናቴን አልጋ አሳልፌ ሰጥቼ ያስቀረሁት ክፍል ነው፤ እሱንም ካጣሁ እሷን ያፈናቀልኳት ለከንቱ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ፤ ሰው ራሱን ለማሳመን ብዙ አይቸገርም።

«ካርቦኑን መልሰው» አልኩት። «እንደናንተ አይደለም የሚሠራው።»

አራት ክስ ጻፍኩ። በአራት ቀን፣ በአራት የተለያዩ መኪናዎች፣ በአራት ዓይነት ወረቀት። አንዱን አስረዘምኩ፣ አንዱን አሳጠርኩ። በአንደኛው ላይ ሪባን ቀየርኩ፤ በሌላው ሆን ብዬ ፊደሉ የተደፈነ መኪና መረጥኩ። የሚያለቅስ ደንበኛ በአንዱም ላይ አላስገባሁም። ምስክርም ቆጠርን።

እሑድ፣ ያው አዳራሽ፣ ያው ሰብሳቢ። አራቱን ወረቀት ተቀብለው ካነበቡ በኋላ ደራረቧቸው። ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ወደ ብርሃኑ አነሷቸው። እኔ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል፤ ጽሑፉ እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ዶሮ ጭረት ሆኗል። ሰብሳቢው ወረቀቱን አውርደው ከመነጽራቸው በላይ እኔን አዩኝ።

«አይገጥምም» አሉ።

ሱቁ እንዲዘጋ ተፈረደ። ሰውዬው አልተከራከረም። ሲወጣ በእኔ በኩል አለፈና በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጉትን አራቱን ወረቀቶች ቆሞ ተመለከተ። ጠጋኝ ነው፤ ምን እንደሚያይ አውቃለሁ። «ጥሩ ሥራ ነው» አለኝና እያነከሰ ወጣ።

በማግስቱ እሪ በከንቱ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ጠየቀችኝ።

«ሰውዬው ተፈረደበት አሉ?»

«አዎ እማዬ።»

«ምነው፣ እንዳንቺ ወረቀቱን ወደ መስኮት አንሡልኝ አላለም?»

«ሰብሳቢው ራሳቸው አነሡት።»

«እና?»

«አልገጠመም» አልኳት።

እናቴ እጆቼን ተመለከተች። ከዚያ ጋቢዋን ሳበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።